ጥፋተኛ የማይጠራው አስተርጓሚ

አስተርጓሚ ሲባል ደሜ ይፈላል፤ ከሁለቱም ወገን በልቶ ለአንዱም የማይሆን ብዙ አይቻለሁና። የኻሚስን ታሪክ ሲያወሩልኝ ግን ሰውየውን ወደድኩት።

ኻሚስ በ፲፰፻፺ዎቹ በምዕራብ ጠረፍ በሆሞሻ ገበያ የበርታውን ነገር ለደገኛ ነጋዴ፣ የደገኛውን ለበርታ የሚያደርስ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ነበር። አንድ ልማድ ነበረው፤ ጥፋተኛ አይጠራም። የጨው ነጋዴው የፈንታው በቅሎ የበርታዋን የዓዲላን ማሽላ የበላች ጊዜ ዓዲላ በበርታኛ «የዚህ ሌባ በቅሎ ዘረፈችኝ!» ብላ ጮኸች። ኻሚስ ወደ ፈንታው ዞር ብሎ «ማሽላ ተበልቷል» አለው። ፈንታውም ስድቡ ስላልደረሰው አልተቆጣም፤ አዝኖላት አንድ አሞሌ ጨው ሰጣት። በኻሚስ አፍ ገንቦ ይሰበራል፣ አጥር ይፈርሳል፣ ፍየል ይጠፋል፤ ሰባሪና አፍራሽ ግን በአገሩ የለም። ሰዉም ይህን እያወቀ ይስቃል፤ ገበያው በሰላም ይበተናል።

በርታዎች አዝመራ ሳይገባ የቅል መለከቶቻቸውን አይነፉም። መለከቶቹ በሽማግሌው በሐመድ ጎጆ ተሰቅለው ይከርማሉ። እያንዳንዱ አንዲት ድምፅ ብቻ አለው፤ አንዱ ከጎደለ ዘፈኑ ያነክሳል። ፈንታው በእንግድነት የሚያድረውም እዚያው ጎጆ ውስጥ ነበር።

በዚያ ዓመት እህሉ ገብቶ መለከቶቹ ሲወርዱ ትልቁ ለሁለት ተሰንጥቆ ተገኘ። ዓይን ሁሉ ፈንታው ላይ አረፈ።

«ጠይቀው» አለ ሐመድ ለኻሚስ። «እሱ ከሆነ ሁለተኛ ደጄን አይረግጥም።»

ፈንታው ሲተረጎምለት ፊቱ አመድ መሰለ። «አባቴ፣ እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ እጄን አላሳረፍኩበትም!»

አሁን ኻሚስ እንደ ልማዱ «ተሰብሯል» ብሎ ቢያልፍ ጥፋቱ በእንግዳው ላይ ሊቀር ነው። እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከሳምንት በፊት ጎጆው ባዶ ሲሆን ገብቶ፣ «አንዴ ብቻ» ብሎ ትልቁን ነፍቶ፣ መልሶ ሲሰቅለው ጥሎ የሰነጠቀው ራሱ ኻሚስ ነው።

ወደ ሐመድ ዞሮ በበርታኛ «እኔ ሰበርኩት» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ዓይን ሁሉ ከፈንታው ወደ እሱ ዞረ። ፈንታው ግን አልገባውም። «ምን ተባለ? ኧረ ንገረኝ!» እያለ እጅጌውን ይጎትተዋል። ሌላ አስተርጓሚ ስለሌለ ኻሚስ የገዛ ጥፋቱን ራሱ መተርጎም ነበረበት።

«መለከት... እኔ ነው የሰበረው» አለው ጥፋተኛ መጥራት ባልለመደ አፉ እየተኮላተፈ።

ፈንታው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይማሩት፣ ደግ ሰው ነው በልልኝ!»

ኻሚስ አንገቱን ደፍቶ ይህንንም ተረጎመ። ሰው ስለ ራሱ «ደግ ሰው ነው፣ ማሩት» ሲል ሰምቶ የማያውቀው ሐመድ ሳቁ አመለጠው። «አዲሱ ቅል እስኪደርስ የመለከቱን ድምፅ በአፍህ ታወጣለህ» ብሎ ፈረደበት።

ያን ቀን ኻሚስ በመለከት ነፊዎቹ ሰልፍ መጨረሻ ቆሞ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ «ቡው! ቡው!» ሲል ዋለ። ዘፈኑ አላነከሰም፤ እንዲያውም እንደዚያ ዓመት ደስ ብሎ የተጨፈረበት ጊዜ የለም ይላሉ። አንድ መንገደኛ ጠጋ ብሎ «ያ በአፉ የሚነፋው ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ፈንታውን ጠየቀው።

ፈንታው ኻሚስን አየት አደረገና «መለከት ተሰብሮ ነው» ብሎ አለፈው።