እናቴ ዋና የተማረችበት በጋ

ልጅ እያለሁ ሃሊሳ በሚባለው ሰፈር ከነበረው ቤታችን በረንዳ ላይ ባሕሩ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። የወደቡ ክሬኖች፣ ተራቸውን የሚጠብቁ መርከቦች፣ ከዚያ ወዲያ ውሃው ብቻ። ጎረቤቶቻችን ሲመሻሽ ወንበራቸውን ወደዚያ አዙረው ነፋስ ይቀበላሉ። እናቴ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምትቀመጠው። ምስር ስትለቅምም፣ ልብስ ስታጥፍም ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። እኔና ወንድሜ ፀሐዩ ዓይኗን የሚወጋት ይመስለን ነበር።

ፋሲካ እንዳለፈ የክፍላችን መምህርት እያንዳንዳችን ለራሳችን አንድ ማታራ እንድናወጣ ነገረችን፤ በዕብራይስጥ ግብ ማለቷ ነው። የእኔ ማታራ በላስቲክ ዝላይ የክፍሉን ልጆች በሙሉ መርታት ነበር። የወላጆቻችሁንም ጠይቃችሁ ኑ ተባልን። አባቴ "እናንተን ማሳደግ ነዋ!" ብሎ ገላገለኝ። እናቴ ግን ቃሉን አታውቀውም።

"ልትደርሺበት የምትፈልጊው ነገር ማለት ነው፣ እማዬ" አልኳት።

የምታጥፈውን ፎጣ ጭኗ ላይ አድርጋ ዞረችና ባሕሩን አየችው። "ዋና መቻል" አለች።

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። "ዝናሽ፣ አንቺ እኮ እግርሽን እንኳ አርጥበሽ አታውቂም! በስተርጅና ከሕፃናት ጋር ልትንቦራጨቂ ነው?"

እሷ አልሳቀችም።

በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ አብራት ወለል የምታጥብ ሉድሚላ የምትባል ሴት ነበረች። ሉድሚላ አገሯ ሳለች ልጆችን ዋና ታስተምር ነበር። ሁለቱም ዕብራይስጡ ገና በደንብ አልገባቸውም፤ ግን ይግባባሉ። የሴቶች ቀን ለብቻ ባለበት ጸጥ ያለ የባሕር ዳርቻ ልትወስዳት ተስማማች። እኔም ትምህርት ስለተዘጋ አብሬ እሄዳለሁ። ያን ቦታ ሳስብ ዛሬም የፀሐይ ቅባት፣ የተቆረጠ ሐብሐብና ከወደቡ የሚመጣ የናፍጣ ሽታ ባንድነት ይሸተኛል። ከፊት ለፊቱ ማዕበል እንዲመልስ የተከመረ ትልልቅ ድንጋይ አለ። እናቴ ገና በመጀመሪያው ቀን በጣቷ አሳየቻት። "እስከዚያ። ሌላ አልፈልግም።"

ረጅም ቀሚሷን እንደለበሰች ገባች። ውሃው ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ከንፈሯ ነጭ ሆነ። የሉድሚላን ክንድ ጨምድዳ ይዛ፣ ጥፍሯ ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ፣ አልለቅም አለች። ሉድሚላ "ሌአት፣ ዚና፣ ሌአት" ትላታለች፤ ቀስ በይ ዝናሽ ማለቷ ነው። የዚያን ዕለት ከጉልበቷ በላይ አልገባችም።

እቤት ግን ልምምዱን ተያያዘችው። ሳፋ በውሃ ሞልታ ፊቷን ትነክራለች፣ እየተነፈሰች ትወጣለች። አልጋ ላይ በደረቷ ተኝታ እጇን ስታወናጭፍ ወንድሜ ትራስ ነክሶ ይስቅ ነበር። በበጋው አጋማሽ መንሳፈፍ ቻለች። ከዚያ ትንሽ ሄዳ መመለስ፣ ከዚያ ትንሽ ራቅ ማለት። ተሳክቶላት ስትወጣ ግን እንደሌሎቹ ሴቶች አትፍነከነክም። ፀጉሯን ትጨምቅና ድንጋዩን ታየዋለች።

የበጋው መጨረሻ ላይ ደረሰች። ሉድሚላ ከጎኗ እየዋኘች፣ እናቴ አንገቷን አስግጋ፣ ቀሚሷ ከኋላዋ ተነፍቶ፣ ድንጋዩን ያዘችና ወጣችበት። እኔ አሸዋው ላይ እየዘለልኩ "እማዬ! እማዬ!" እላለሁ፤ የማናውቃቸው ሴቶች እንኳ አጨበጨቡላት። እጇን ታውለበልብልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋ በውሃው ላይ መጣ። "ትርንጎ! ትርንጎዬ!"

ትርንጎ የምትባል ሰው አላውቅም ነበር።

ወደ ሃሊሳ በሚመልሰን አውቶቡስ ላይ ነገረችኝ። ፀጉሯ ገና አልደረቀም፤ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። ትርንጎ ታናሽ እህቷ ናት። ወደዚህ አገር ለመምጣት ከጎንደር ወደ ሱዳን ሲሄዱ የጓንግ ወንዝ ሞልቶ ደረሱበት። ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሻገሩ። እናቴ የያዘችው የትርንጎን እጅ ነበር።

"እጇ አሟለጨኝ" አለች። "ውሃው ወዲያው አልወሰዳትም እኮ፣ የኔ እናት። ጭንቅላቷ ይታየኝ ነበር፤ ትጠራኝ ነበር። ከባሕሩ ዳር እስከዚያ ድንጋይ ያለውን ያህል እንኳ አትርቅም ነበር። እኔ ዳር ቆሜ እጮኻለሁ፤ ዋና አልችልማ።"

እጇን ያዝኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር።

"ይኸው ዛሬ ደረስኩ" አለች። "ደርሼ ማንን ላወጣ?"

በሳምንቱ ሉድሚላ ፎጣዋን ይዛ በራችንን አንኳኳች። እናቴ ሻይ አቀረበችላት፣ እጇን ስማ አመሰገነቻት። "በቃኝ" አለቻት። ዳግመኛ ባሕር አልገባችም።

አሁን የምኖረው ክርያት አታ በምትባል ከተማ ነው። ልጄ ሊያት ዋና የምትማረው ጣሪያ ባለው ገንዳ፣ ውሃው ሞቅ ተደርጎላት፣ በዋና መነጽርና በአሠልጣኝ ፊሽካ ነው። እኔ በእሷ ዕድሜ እናቴ አጠገብ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ የሰማሁትን፣ እሷ እስካሁን አልሰማችም። በቅርቡ ማለፊያ ፈተና ነበራትና እናቴን ይዤ ሄድኩ። እርጅና ተጫጭኗታል፤ ክንዴን ተደግፋ ከገንዳው የመስተዋት ግድግዳ ጀርባ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች። ሊያት አልፋ እየሮጠች መጣች፤ ውሃ ይንጠባጠብባታል።

"ሳቭታ፣ ራኢት? አየሽኝ?" አለች አያቷን።

እናቴ ጎንበስ ብላ እርጥብ ጉንጯን ያዘችና "ሰው ጎትቶ ማውጣትስ አስተማሩሽ?" አለቻት።

የልጄ አማርኛ ብዙም አይደለም። "ኢማ፣ ሳቭታ ምን አለች?" ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"ጎበዝ ነሽ እያለችሽ ነው" አልኳት በዕብራይስጥ።

እናቴ ይህን ያህል ዕብራይስጥ ይገባታል። ቀና ብላ አየችኝ፤ አላረመችኝም። ፎጣውን ከእጄ ወስዳ የልጄን ፀጉር ታደርቅላት ጀመር።