ለካሪዳድ የተፈተለ ጋቢ

ሰውአገኝ ወደ ካሪቢያን ባሕር ለዕረፍት ሊሄድ ነው ሲባል የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደግሞ ጠረጠረ። በጎንደር ሰው ውጭ አገር የሚሄደው ለሥራ ነው፣ ለሕክምና ነው፣ ያም ካልሆነ ሄዶ ለመቅረት ነው። ሦስት ሳምንት ባሕር አይቶ፣ ሩዝ በባቄላ በልቶ፣ ሻንጣውን ጎትቶ ሊመለስ የሚሄድ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? አንዳንዱማ ጠጋ ይልና፣ ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገረኝ፣ ከዚያ አሜሪካ በጀልባ ስንት ሰዓት ነው ይለዋል። ሰውአገኝ ይስቃል። እውነቱን የምታውቅ ሚስቱ ሽታዬ ብቻ ነበረች፤ ሰውዬው የሚሄደው እናቱን ሊጠይቅ ነው።

የወለደችውን እናቱን አያውቃትም። እሱን ስትወልድ ኮሶዬ ላይ ሞታለች። አባቱ ወታደር ነበር፤ ኦጋዴን ወርዶ እዚያው ቀረ። ልጁን አክስቱ ስታሳድገው ቆይታ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው መንግሥት የሟች ወታደር ልጆችን ሰብስቦ ኩባ ላከ፤ እሱም ከመርከቡ ተጫነ። የወጣቶች ደሴት የሚሏት ቦታ ላይ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። እንጀራ የለ፣ ዘመድ የለ፣ ቋንቋ የለ። ከወጥ ቤቱ ሴቶች አንዷ፣ ካሪዳድ የምትባለው፣ ይህ ከሲታ ልጅ ትሪው ፊት ተቀምጦ ሲያለቅስ አየችና እጁን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችው። ከድስቱ ጎን አስቀምጣ በእጇ አጎረሰችው። ሰውአገኝ ይህን ባወራ ቁጥር ይገርመዋል። እዚያ አገር ሰው አይጎራረስም እኮ፣ ከየት አመጣችው ይላል።

አሥራ ሁለት ዓመት እናት ሆነችው። ሲመለስ ይዞት የመጣው ቋንቋዋን ነው፤ እሱው እንጀራ ሆነለት። ፋሲል ግቢ ስፓኒሽ የሚናገር እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሰውአገኝን ጥሩት» ይባል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ሽርሽር ሲያሰናዳ ኖረ። በየትኛው ወር ትኬት እንደሚረክስ፣ የትኛው ማደሪያ ንጹሕ ሆኖ ዋጋው እንደማይጎዳ፣ የትኛው ሹፌር እንግዳ እንደማያጭበረብር እሱን ነው የሚጠይቁት። እሱ ራሱ ግን ከኩባ ከተመለሰ ወዲህ ከባሕር ዳር አልፎ አያውቅም። ኋላ መንገዱ ሲዘጋጋ፣ እንግዳውም ሲቀር፣ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ብሎ ያንን ሙያውን ወደ ራሱ አዞረው።

ታዲያ እንዴት ያለ ሙያ መሰላችሁ! የሚሄደው በመስከረም መጨረሻ ነው፤ በዚያ ባሕር ማዕበል የሚነሳበት ወር ስለሆነ ፈረንጅ ይሸሻል፣ ትኬትም ክፍልም ይወድቃል። የጎንደርን ክረምት ያየ ሰው ዝናብ ፈርቶ ይቀራል እንዴ? ሆቴል አይገባም፤ ከባልቴቶች ቤት አንዲት ክፍል ይከራያል። ወደ ደሴቷ በአውሮፕላን ሳይሆን በጀልባ ይሻገራል። ለመንገድ በሶና ዳቦ ቆሎ ይይዛል። ሽታዬ ይህን ሁሉ እየሰማች ለካሪዳድ ጋቢ ትፈትል ነበር። በዚያ ሙቀት ጋቢ ምን ሊያደርግላት ሲላት፣ አሮጊት የትም አገር ይበርዳታል አለችው። አይታት አታውቅም፤ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «አማቴ» እያለች ነው የምትጠራት።

የፈሩት ይደርሳል ነው ነገሩ። ፍልሰታ በተያዘ በማግስቱ፣ ዓርብ ዕለት፣ ልጃቸው ፅዮን ፊቷ ዐመድ መስሎ ጓዳ ገባች። የሰውአገኝ ስልክ ቁልፍ የሚጫኗት አሮጌ ናት፤ ከኩባ የሚመጣው ሁሉ የሚገባው በፅዮን ስልክ ነው። የካሪዳድ ልጅ ሚርታ ጽፋለች። እናቴ በጠና ታማለች፣ ሐኪሞቹ ተስፋ የላትም ብለዋል፣ ሰውአገኝን ትጠራለች ይላል። ከሥሩ የአሮጊቷ የድምፅ መልእክት አለ። ፅዮን አባቷ ባስተማራት ስፓኒሽ የቻለችውን ያህል ሰምታ፣ እሁድ እንዲደውልላት ነው የምትለምነው አለች።

ሽታዬ እንዝርቷን አስቀመጠች። ልትነግረው ብድግ አለች። ወዲያው ግን የሰውአገኝ አክስት የሞተችበት ቀን ትዝ አላት። ያን ጊዜ ሰውአገኝ ገና ሳይረዳ አንድ የማይረባ ዘመድ መንገድ ላይ አግኝቶ «ነፍስ ይማር» ቢለው ሰውዬው እዚያው አስፋልቱ ላይ ወደቀ፤ ሁለት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኛ። የደም ብዛቱ መነሻ ያ ነው። ደግሞስ ለሩቅ ሰው ሕመም ይነገራል እንዴ? ምን ሊያደርግላት? ከዚህ ሆኖ ሊነድ? ሽታዬ ያደገችው ለሩቅ ሰው ደግ ደጉን ብቻ በሚላክበት ቤት ነው፤ አባቷ መተማ እርሻ ላይ ሳለ ሦስት ሰው ታሞ ሦስቱም ሲድኑ አንዱንም አልሰማም፣ ሲመለስም ደግ አደረጋችሁ ብሎ መረቃቸው። ሰውአገኝ ሁለት ወር ቢቀረው ነው፤ ይሄድና በዐይኑ ያያታል፣ እስከዚያ እግዚአብሔር ያቆያታል ብላ አሰበች። ቢደውል ደግሞ ድምጿን ሰምቶ ያውቀዋል። ለፅዮን ቁርጥ አድርጋ ነገረቻት።

«ትንፍሽ እንዳትይ። በእኔ ይሁንብሽ።»

በእሷ ሆነ።

እሁድ ሰውአገኝ ከቅዳሴ ተመልሶ፣ ሽሮውን በልቶ፣ ወረቀት ይዞ ከሽታዬ ጎን ተቀመጠ። የደሴቷን ካርታ ሳለላት። እዚህ ጋ ጀልባው ይቆማል፣ ይህ የብርቱካን እርሻው ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየዘመርን የምንለቅምበት፣ ይህቺ ደግሞ ወጥ ቤቷ ናት አላት። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ እንዲያ ደስ ብሎት ሲያወራ ዋለ። ሽታዬ ዐይኗን ከጥጡ ሳታነሳ ሰማችው። አንድ ሁለት ጊዜ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ መልሳ ዋጠችው። ፅዮን ከጓዳ አልወጣችም።

ረቡዕ ካሪዳድ ዐረፈች።

አሁን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሕመምን መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ ሞት ግን ወግ አለው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በሚስት አፍም አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ሽታዬ የነፍስ አባቱን ጠየቀች፤ ጾሙን ይፈታ፣ ባዶ ሆዱን አትጣሉት አሏት። ከዚያ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አያ ባዬ ሄደች። እያፈረች ነው የሄደችው፤ አገሯ የማይታወቅ ሴት ሞታለችና ድንኳን ትከሉልኝ ብል ይስቁብኛል ብላ ሰግታለች። አያ ባዬ አልሳቁም። መዝገቡን አወጡና የሰውአገኝን ስም ፈለጉ። ለእድር ሲመዘገብ «እናት» ከሚለው ትይዩ በገዛ እጁ «ካሪዳድ» ብሎ ጽፏል።

«ያን ጊዜ ምንድን ናት፣ ክርስቲያን ናት ወይ ብዬው ነበር» አሉ አያ ባዬ። «ወጥ ሠሪ ናት አለኝ። እናት ከሆነች እናት ናት፤ እንነግረዋለን።»

እስከዚያ ዐሥር ቀን አለ። ያንን ዐሥር ቀን ለማንም አይስጥ። ሰውአገኝ ማታ ማታ ከኩባ ምን አለ እያለ ይጠይቃል። ፅዮን ኔትወርክ የለም አባዬ ትላለች። እሱ ራሱ ውሸቱን ያግዛታል፤ እዚያም መብራት እየጠፋ ነው አሉ፣ ምስኪኖች ይላል። ሽታዬ ደግሞ ጋቢውን ማቆም አልቻለችም። ያቆመች እንደሆነ ምነው ይላታል። ስለዚህ ለሞተች ሴት ፈተለች፤ ልቃቂቱ በእንባዋ ሲርስ እሳት ዳር አድርቃ እንደገና ፈተለች። ሸማኔውም ሳያውቅ ሸጋ አድርጎ ሠራው።

ሰኞ ዕለት ሰውአገኝ እየሮጠ ገባ። የትኬት ቢሮው ልጅ ደውሎለታል፤ ዋጋው ወድቋል፣ እስከ ማታ ብቻ ነው። የማይመለስ፣ ቀኑም የማይለወጥ ትኬት ስለሆነ ነው የረከሰው። እንግዳ የሰጠውን ካሜራ ሸጦ ያዘጋጀውን ብር ከሣጥን አወጣ። ሽታዬ በሩ ላይ ቆመች። ምነው ጾሙ እስኪፈታ ብትቆይ አለችው። ምክንያቷን እንዳትነግረው ለእድሩም ለካህኑም ቃል ሰጥታለች።

«ሽታዬ፣ ሠላሳ ዓመት ለሰው ርካሽ ትኬት ስፈልግ ኖሬ የእኔ ሲመጣ ልተወው? ደግሞ እሷ አሮጊት ናት፤ ለከርሞ አገኛታለሁ ብዬ ነው?»

ከበሩ ዞር አለችለት። ምን ታድርግ? ማታ ትኬቱን ይዞ ሲገባ ፈገግታው ጆሮው ደርሶ ነበር። ሽታዬ እንኳን ደስ አለህ ብላ ጓዳ ገባችና በነጠላዋ አፏን አፍና አለቀሰች።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ገና ወገግ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሰውአገኝ ነቅቶ ነበር፤ ፈጥኖ ከፈተው። አያ ባዬና የነፍስ አባቱ፣ ከኋላቸውም ሃያ የሚሆን እድርተኛ በካፊያ ቆሟል። ሰውዬው ደስ አለው። ትኬት መቁረጡን ሰምተው ሊመርቁት የመጡ መሰለው።

«ገና ወር ከምናምን ሲቀረኝ ልትሸኙኝ መጣችሁ? ግቡ እንጂ፣ ግቡ!»

ማንም አልገባም። ያን ጊዜ የሴቶቹን ነጠላ አየ፤ ሁሉም አዘቅዝቀው ነው የለበሱት። ዞሮ ሽታዬን አያት። እሷም አዘቅዝቃለች።

«ሰውአገኝ፣ ልጄ፣» አሉ አያ ባዬ፣ «እናትህ ዐርፋለች።»

የቱ እናቴ አላለም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ካሪዳድ በወጥ ቤት ያጎረሰችው ጊዜ ያለቀሰውን ለቅሶ ነው የመሰለው። ድንኳን ተተከለ። የአይከልና የጠዳ ሰው ሳይቀር መጥቶ፣ ፊቷን አይቶ ለማያውቃት ወጥ ሠሪ ደረት ደቃ። ሽታዬ ተመስገን አለች። አልወደቀም፣ ሐኪም ቤትም አልገባም፤ በወጉ ተነገረው፣ በወጉ አለቀሰ። ነገሩ ያለቀ መሰላት።

በሦስተኛው ቀን ፅዮን አልቻለችም። ሰው ሳሳ ሲል ስልኩን ለአባቷ ሰጠችው፤ ድምጿ አለ አባዬ፣ ያንተ ነው አለችው። ሰውአገኝ ስልኩን ከጆሮው አስጠግቶ ሰማ። የአሮጊት ድምፅ ነው፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ መሃል ላይ ትስቃለች። አንዴ ሰምቶ እንደገና ሰማው። ከዚያ መልእክቱ የደረሰበትን ቀን አየ።

ሽታዬ ምን ትላለች ብላ በቀስታ ጠየቀችው።

«እሁድ ጠዋት ደውልልኝ ትላለች። ሚርታ ጸጉሬን አበጥራ ከወንበሬ ላይ ታስቀምጠኛለች፣ ከስልኩ ጎን እጠብቅሃለሁ ትላለች።» ቀኑን ደግሞ አየው። «የእነሱ ጠዋት የእኛ ዘጠኝ፣ ዐሥር ሰዓት ነው። ሽታዬ፣ ያን እሁድ እኔ የት ነበርኩ?»

ልትዋሸው ትችል ነበር። ውሸቱ ግን አልቆባታል።

«እዚሁ ነበርክ» አለችው። «ከጎኔ። ካርታ እየሳልክልኝ።»

አልጮኸም፣ አልሰደባትም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ስልኩን ለፅዮን መለሰና ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ። ከዚያ ወዲህ ወጥ ሲቀርብ ይበላል፣ ሲጠየቅ ይመልሳል፣ የሚጠይቃት ነገር ግን የለም። ሽታዬ አንድ ቀን እግሩን ስታጥበው፣ እንዳትወድቅብኝ ፈርቼ ነው አለችው። «አውቃለሁ» አላት። ማወቁ ምንም አልቀየረም።

ትኬቱ አይመለስምና በመስከረም መጨረሻ ሄደ። ጋቢውን ራሱ አጥፎ ከሻንጣው ሥር አስቀመጠው፤ በሶውን ግን አልያዘም። ሽታዬና ፅዮን እስከ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና ሸኙት። ወትሮ እንግዶቹን ጎርጎራ ሲወስድ እንኳ ስደርስ እደውላለሁ ሳይላት አይወጣም ነበር። አሁን ጉንጯን ሳማት፣ ፅዮንን መረቃት፣ ገባ።

በሚቀጥለው እሁድ ሽታዬ ምሳ አልበላችም። ጸጉሯን ፈታች፣ ቅቤ ቀባችው፣ ለብቻዋ እንደምንም ሠራችው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የፅዮንን ስልክ ከፊቷ አስቀምጣ እሱ ካርታ ከሳለበት ቦታ ተቀመጠች። ዐሥር ሆነ፣ ዐሥራ አንድ ሆነ። ፅዮን ከጓዳ ወጥታ እናቷን አየቻትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ኔትወርክ የለም ይሆናል፣ እማዬ» አለቻት።

ሽታዬ ልጇን ቀና ብላ አየቻት፤ ስልኩን ግን ከፊቷ አላነሳችም።