ከጆሃንስበርግ ደብረ ታቦር

ያረፉት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። አንድ ልጃቸው ደረጀ ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቶ ይነግዳል። ወንድማቸው አቶ ቢያድግ የቤቱ አዛዥ ናቸው። ጋሽ ሰይድ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር የነበረው የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ ባለቤት፣ እኔ ደግሞ ቲኬት ቆራጩ።

ሥራ የገባሁ ዕለት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዓለም ካርታ በማስመሪያ ስለካ ጋሽ ሰይድ አዩኝ። «ተወው» አሉ። «ሰው ኪሎ ሜትር አይገዛህም። መቼ ተነሥቶ መቼ ቤቱ እንደሚገባ ንገረው።» ከዚያ ወዲህ በረራውን፣ አዲስ አበባ የሚታደረውን፣ በሐሙሲት በኩል የሚመጣውን መኪና ደምሬ መናገር ለመድሁ። እንግሊዝኛውንም ኮምፒውተሩንም እዚያው ወንበር ላይ ራሴን አስተማርሁ። ዛሬ ሥራ በገቡ በሳምንቱ የሚሰለቹ ልጆች ይህን ቢያስቡት ደግ ነው።

አንድ ማለዳ አቶ ቢያድግ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

«እኅቴ አረፈች። ልጇ ሳይደርስ አፈር አላለብሳትም። ከጆሃንስበርግ እዚህ ስንት ሰዓት ነው?»

«ዛሬ ከቀትር በኋላ በሚነሣው ቀጥታ በረራ ከመጣ ነገ ቀትር ላይ እዚህ ነው። ካመለጠው እስከ ሦስት ቀን ባዶ ወንበር የለም።»

«ካህናቱን እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ለምኛለሁ። ደውልለት። መርዶ ግን በስልክ አይነገርም። ትንሽ አሟታል በለው።»

እንዳሉኝ ነገርሁት። ደረጀ ሳቀ። «ጋሼ፣ ውዱን ሊሸጡልኝ ነው? ትንሽ ከሆነማ ዞሮ በሚመጣው በርካሹ፣ በሳምንቱ እመጣለሁ።»

«ዛሬ በቀጥታው ና።»

«ሱቁን ለማን ትቼ?»

አቶ ቢያድግ ዝም እንድል ክንዴን ጨበጡ። እኔ ልጆቼን ስለ ዋሹ የቀጣሁ አባት ነኝ። «ደረጀ፣ እናትህ አርፈዋል። ቀብሩ ነገ ነው» አልሁት።

በስልኩ ውስጥ አንድ ገበያተኛ የዕቃ ዋጋ ደጋግሞ ሲጠይቀው ይሰማኝ ነበር።

«ሰው በሌለበት አገር? ማን ይያዘው?» አሉ አቶ ቢያድግ።

«ዝም ብል አይደርስም ነበር።»

«መድረሱንማ ይደርሳል» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ካህናቱ ሳይነሡ ደረሰ። አስከሬኑ አጠገብ ቆመ እንጂ አላለቀሰም። ዘመዶቹ ደንግጠው ያዩት ነበር።

ከሠልስቱ በኋላ ቢሮ መጣ። «አውሮፕላን ውስጥ ጮኽሁ» አለኝ። «አጠገቤ የነበረችው ሴት ፈርታ ሌላ ወንበር ሄደች። አስተናጋጆቹ ውኃ ሰጥተው ዝም በል አሉኝ። እርስዎ ደግ አደረጉ ጋሼ፣ ደርሻለሁ። ለሌላ ሰው ግን እንዲህ አይንገሩ።»

«እንዴት ልንገር ታዲያ?»

«እኔ እንጃ።»

ደረጀ እናቱን ቀብሯል፤ ግን መንገዱን ሁሉ ብቻውን አልቅሷል። አቶ ቢያድግ የእግዜር ሰላምታ ነፍገውኛል። ጋሽ ሰይድም ያንን ቤተ ዘመድ ከደንበኝነት አጡ፤ አልወቀሱኝም፣ አላመሰገኑኝምም።

ከዚያ በኋላም ለሐዘንተኛ አልዋሸሁም። ከመናገሬ በፊት ግን ሐዘንተኛው ባለበት ከተማ የአገር ሰው ፈልጌ ወደ ቤቱ እልክ ነበር። ሰው ሲታጣ ደውዬ «አጠገብህ ማን አለ?» እል ነበር። ብዙዎቹ ይህን ስጠይቅ መርዶው ወዲያው ይገባቸው ነበር። ይህን የሚያስቀር ዘዴ እስከ ጡረታዬ አላገኘሁም።