በይሉኝታ የመጣ ሞተር

እኔ እምቢ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ባለቤቴ «የእናትሽ ውርስ» ይለዋል፤ እናቴ ሰው እንዳታስቀይም ብላ ጠግባም ሦስት ቤት የምትበላ ሴት ነበረች። አሜሪካ ስመጣ ይለቀኛል ብዬ ነበር። የት ይለቀኛል፣ አትላንታ መኪና መሸጫ ድረስ ተከትሎኝ ገባ።

ያገለገለውን የጭነት መኪና የገዛሁት እንጀራ ለማከፋፈል ነው። የአክስቴ ልጅ አትላንታ አጠገብ ዲኬተር ውስጥ ትጋግራለች፤ እኔ ደግሞ እስከ ማሪዬታ ድረስ ላሉ የሐበሻ ሱቆች አደርሳለሁ። መኪናው ከቆመ ሥራዬም ቆመ ማለት ነው። የገዛሁ ዕለት ወረቀት የሚያስፈርመው ወጣት ወንበር ሳበልኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣልኝ፣ የልጆቼን ፎቶ አይቶ «እንዴት ያምራሉ!» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ የተራዘመ ዋስትና ብወስድ ሞተሩ ቢሞት እንኳ እንደሚቀየርልኝ ነገረኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ውሃውን ጠጥቻለሁ፣ ልጆቼንም አድንቆልኛል። ፈረምኩ።

ባለቤቴ ሲሰማ ወገቡን ይዞ ሳቀ። «በአንድ ጠርሙስ ውሃ ገዙሽ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህችን ሳያወራ አይሸኝም። ላይ ላዩን አብሬው እስቃለሁ እንጂ አንጀቴ ያርር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከማሪዬታ ስመለስ የሆነ ነገር መንኳኳት ጀመረ። ከኋላ ያለው መደርደሪያ የተፈታ መስሎኝ ትንሽ ነዳሁ። የዘይቱ መብራት በራ፤ ማንኳኳቱ ወደ ጩኸት ተለወጠ፤ ከዚያ ሞተሩ ጸጥ አለ። እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። መሪውን እንደያዝኩ አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ዋስትናውን ወደ ሸጠው ድርጅት ደወልኩ። የመለሰችልኝ ሴት ደግ ድምፅ ነበራት። መኪናው ሰኞ ጋራዥ ይግባ፤ ተቆጣጣሪያችን መጥቶ እስኪያየው ድረስ ግን ማንም ሞተሩን እንዳይፈታው፤ ከተፈታ አንቀይርልሽም አለችኝ። ይሄማ ምን ችግር አለው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። መኪናው ተጎትቶ ደጃፌ አደረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ መጡ። ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። በስደት ሱዳን ሳሉ ጋራዥ ሠርተዋል፣ እዚህም በመካኒክነት ኖረው ጡረታ ወጥተው ብሩክሄቨን ተቀምጠዋል። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰው መኪና የተበላሸበት ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነው፤ ከማንም ምንም አይቀበሉም። እኔ በነፃ ማድከሙ እያሳፈረኝ ዘይት እንኳ የማስቀይረው ሰፈሬ ካለ ሱቅ ነበር። ለካ ባለቤቴ ሳይነግረኝ ደውሎላቸዋል። ነጠላቸውን አጣጥፈው ቫናቸው ውስጥ አኖሩና የመፍቻ ሣጥናቸውን ይዘው ወረዱ።

«አይዞሽ አንቺ ልጅ! ዛሬ ፈታ አድርገን እናየዋለን።»

«ጋሼ፣ ምን አደከመዎት በሰንበት?»

«ሰንበት መልካም ሥራ አይከለክልም። በይ ኮፈኑን ክፈቺልኝ።»

ከፈትኩላቸው። የሴትዮዋ ቃል ጆሮዬ ላይ እየጮኸ በገዛ እጄ ከፈትኩላቸው። ኮፈን መክፈት ሞተር መፍታት አይደለም እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩ፣ የዘይቱን መለኪያ መዝዘው አሸተቱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሣጥኑ መፍቻ መርጠው አንዱ ብሎን ላይ አሳረፉ።

«ጋሼ፣ አይፍቱት!»

ጮኼ ነበር። በዕድሜዬ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን አልሽ?»

«ዋራንቲ አለው ጋሼ። ኢንስፔክተራቸው ሳያየው ከተነካ ክሌሙን አይቀበሉም፣ ሞተሩን አይቀይሩልኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እባክዎ አይንኩት።»

ዋስትናው ለባለቤቴ የእንግዳ ማሳቂያ ብቻ ስለነበር ትዝም አላለውም። ጋሼ መፍቻውን በጨርቅ ደጋግመው ጠረጉና ወደ ሣጥኑ መለሱት።

«እኔ ለሰው የምሰጠው እጄን ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሌላማ ምን አለኝ?»

ምሳ ይብሉ ብዬ ለመንኳቸው፤ አልራበኝም ብለው ሄዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባለቤቴ እንኳ የዚያን ቀን አልቀለደብኝም።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ወደ ማሪዬታ ጋራዥ ተጎተተ። ለሱቆቹ እየደወልኩ ዛሬ እንጀራ የለም ልል ስል በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ነበሩ፤ የቫናቸውን የኋላ ወንበሮች አውጥተዋል።

«እንጀራው ዋራንቲ የለውም፤ ካደረ ይደርቃል። ነይ ጫኚ» አሉኝ።

ተቆጣጣሪው እስኪመጣ፣ ከዚያም ሞተሩ እስኪገኝ ድረስ ሳምንታት አብረን ዞርን። ጋሼ ሲነዱ ቀስ ብለው ነው፤ ከኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። እሳቸው «የት ሊደርስ ነው?» ይላሉ። እኔ ወርጄ አራግፋለሁ፤ እሳቸው ፓርኪንግ ከሚከለክሉን ሰዎች ጋር ይከራከሩልኛል። ስለዚያ እሑድ ግን አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም።

ስልኩ የተደወለልኝ አብረን መንገድ ላይ ሳለን ነው። ተቀብለውታል። ቫኑ ውስጥ እልል አልኩ።

«ምን አሉ?»

«አፕሩቭ አድርገውታል ጋሼ! ሙሉ ሞተር ሊቀይሩልኝ ነው!»

«ተመስገን» አሉ። ትንሽ ነድተው ደግሞ፣ «እኔ ፈትቼው ቢሆንስ ኖሮ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ምንም አይሉም ነበር» የምትል ውሸት ምላሴ ላይ መጣች። ዋጥኳት።

«አይቀይሩልኝም ነበር ጋሼ።»

ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ ዲኬተር ደረስን።

መኪናዬን ላመጣ ስሄድ ማሪዬታ ድረስ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ባለቤቴ ለእንግዳ የሚያወራው «ሚስቴ በአንድ ጠርሙስ ውሃ ሞተር ገዛች» እያለ ነው፤ ይበለው። ያንን ውሃ ያመጣልኝን ልጅ በጸሎቴ አስበዋለሁ፤ ስልክ የመለሰችልኝንም ሴት እንደዚያው። ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን በጮኽኩባቸው ማግስት በሬን ያንኳኩትን ሰው ነው።

መኪናዬን በተረከብኩ ዕለት የጋራዡ ሠራተኛ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳልን። የውሃ ድምፅ ያህል እንኳ አይጮህም። ዘወር ብዬ ሳይ ጋሼ ራቅ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ዕድሜ ልካቸውን ሞተር ሲያዩ እጃቸው የሚቀድማቸው ሰው!

«ጋሼ፣ አሁን ይንኩት» አልኳቸው።

«ይፈቀዳል?» አሉኝ።

ቀኝ እጃቸውን ይዤ ራሴ ወስጄ ሞተሩ ላይ አኖርኩላቸው።