ከ2 በታች የተሰለፈው 10

የድንገተኛ ክፍሉን የወረፋ ፕሮግራም የሠራው እሱ ነው። ሕመሙ የጠናበት ሰው ትልቅ ቁጥር ይሰጠውና ከላይ ይወጣል። የጻፈበት ጃቫስክሪፕት ለቀቅ ያለ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ቢቀበለውም ስህተት ነው አይልም፣ ይደረድረዋል። ሥራ ያፋጥናል ብሎ ይወደው ነበር። ሲፈትሸውም እስከ 9 ብቻ ሞከረው።

ዛሬ እዚያው ነርስ የሆነች እህቱ ደወለች።

«አንተ፣ 10 የሰጠኋቸውን አባት ከ2 በታች ምን አስቀመጣቸው?»

ወዲያው ገባው። ጽሑፍ የሚደረደረው በፊተኛው ምልክት ነው፤ 10 ደግሞ በ1 ይጀምራል።

«ቶሎ አስገቢያቸው! እኔ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ፣ አንድ መስመር ናት።»

«የምን ማስገባት? ወንበሩ ላይ እንዳሉ አርፈዋል። ልጃቸው እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት ‹ተራችን መቼ ነው?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

መስመሯን አስተካከለ። እህቱ ስልኩ ላይ እየጠበቀችው ነው።