ፈረሱ አዘነ

የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼን በሰውኛ ዘይቤ የፈተንኳቸው ራሴ ባወጣሁት ወረቀት ነበር። አሥር ዓረፍተ ነገሮች ጻፍኩና ሰው ያልሆነ ነገር እንደ ሰው የተነገረበትን እየለያችሁ ከሥሩ አስምሩ አልኳቸው። ቀላል ነው ብዬ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ አስተምሬያቸዋለሁ፤ «ሰውኛ ማለት ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ባሕርይ መስጠት ነው» የሚለውን በቃሉ ያልያዘ ልጅ አልነበረም።

ስድስተኛው ዓረፍተ ነገር «ፈረሱ በጣም አዘነ» የሚል ነበር። ሁሉም አሰመሩበት። አንዲት ልጅ ብቻ ዘለለችው። ኤክስ አድርጌባት አለፍኩ።

ወረቀቱን በመለስኩ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ወደ ኋላ ቀረች። መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ፣ ካልጠየቅኳት የማትናገር ልጅ ነበረች። አባቷ በከተማው ውስጥ ጋሪ የሚነዱ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ። ትምህርት ቤታችን የሚያስተምረው በአማርኛ ቢሆንም ከልጆቹ ብዙዎቹ እቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው፤ እሷም እንደዚያው። አማርኛ ስትናገር እያንዳንዱን ቃል መርጣ፣ አስቀድማ መዝና ነበር የምታወጣው።

«ቲቸር፣ ፈረስ ያዝናል» አለችኝ።

ሐዘን የሰው ነው፣ ለፈረስ ስንሰጠው ነው ሰውኛ የሚሆነው ብዬ አስረዳኋት። መጽሐፉም እንደዚያ ይላል አልኳት። እሷ ግን ቆማ ቀረች።

«እኔ አይቻለሁ» አለች።

በር ላይ የሚጠብቁኝ ልጆች ነበሩ። በሚቀጥለው ፈተና ታስተካክዪዋለሽ ብዬ ሸኘኋት። ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና ሄደች። አልተከራከረችም፤ እኔም የተረዳች መሰለኝ።

ያኔ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኝ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት አርቦዬ ነው፤ አሰላ የመጣሁት ለመምህርነት ልሰለጥን ሲሆን፣ ሥራም ትዳርም እዚሁ አገኘሁና ቀረሁ። ተለዋጭ፣ ተነጻጻሪ፣ ግነት፣ ሰውኛ እያልኩ ዘይቤዎችን በየዓመቱ በተርታ አስተምር ነበር። ትርጉሙን ጥቁር ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ በማግስቱ አንድ ሁለቱን አስነስቼ በቃላቸው አስወጣቸዋለሁ። ውጤታቸው ጥሩ ነበር። በዚህ ትምህርት እኔን የሚያርመኝ ሰው ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ወላጆች ተጠርተው የልጆቻቸውን ውጤት በሚያዩበት ቅዳሜ የልጅቷ አባት መጡ። ፈረሳቸውን ከነጋሪው ከግቢው በር ውጭ አስረው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሌሎቹ ወላጆች ተራ በተራ እስኪጨርሱ ከግድግዳው ሥር ቆሙ። በመጨረሻ ገብተው ተቀመጡ። ማርክ ይጨመርላት ሊሉኝ ነው ብዬ ገመትኩ። በኦሮምኛ ማውራት እንደምንችል ብነግራቸው እጃቸውን አወዛወዙ።

«ነገሩ የአማርኛ ነው መምህርት፤ በአማርኛ ይሁን» አሉኝ።

ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሁለት ፈረስ ነበራቸው፤ በየተራ ነበር የሚጠምዷቸው። መስከረም ላይ አንደኛው ታሞ ሞተ። የቀረው ከዚያ ወዲህ ገብስ ሲቀርብለት አንገቱን ያዞር ጀመር። ከሥራ ሲመለስ ጓደኛው ይታሰርበት የነበረው ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ቢጎትቱት አይሄድም። ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቷ በፊት አንገቱን አቅፋ ትቆም ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ከረመ። ከዚያ አንድ ቀን ብቻውን መብላት ጀመረ።

ማርክ አልጠየቁኝም። ለመሄድ ሲነሡ ብቻ እንዲህ አሉኝ፤

«ተሳስታ ከሆነ ይንገሯት፤ ትሰማለች። ያየችውን ግን አላየሽም አይበሏት።»

እውነትዎን ነው አልኳቸው። ሲወጡ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት ያስተማርኩትን አንድ ፈረስ ያፈርሰዋል እንዴ ብዬ። እቤት ስደርስ ለወላጆች ላሳይ መልሼ የሰበሰብኳቸውን የሌሎቹን ልጆች ወረቀቶች በሙሉ ዘርግቼ እንደገና አየኋቸው። ሌሎቹ ለምን ትክክል እንደሆኑ ላረጋግጥ ነበር ሐሳቤ። ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ሰውኛ የሌለባቸው፣ ለማሳሳት ብቻ ያስገባኋቸው ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ፤ «ውሻው ወደ በሩ ሮጠ»፣ «በሬው ጥላ ሥር ተኛ» የሚሉ። ከክፍሉ ግማሽ በላይ እነዚህም ላይ አስምሮ ነበር። ሰው ይሮጣል፣ ሰው ይተኛል፤ ስለዚህ ሰውኛ ነው። ትርጉሙን ይዘውታል፣ ነገሩን ግን አላገኙትም። ፈረሱ ላይ ያሰመሩትም በዚያው መንገድ ነው፤ ሰው ያዝናል፣ አለቀ። ቆም ብላ ያሰበችው ያቺ ኤክስ ያደረግኩባት ልጅ ብቻ ናት።

ንዴቴ እዚያው በረደ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካወቅኩ እንዴት እንደማቃናውም አላጣውም፤ በዚህ ራሴን አምናለሁ።

ሰኞ ክፍል ገብቼ «ፈረሱ በጣም አዘነ» ብዬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ስድስተኛውን ጥያቄ ያረምኩት ተሳስቼ ነው አልኳቸው። ፈረስ በእውነት ሊያዝን ይችላል፤ ያዘነ ፈረስ አይቶ «አዘነ» ያለ ሰው ያየውን ነው የተናገረው፣ ዘይቤ አልተጠቀመም። የልጅቷን ወረቀት ተቀብዬ ኤክሱን ሰረዝኩና በፊታቸው ራይት አደረግኩላት። ክፍሉ አጉረመረመ። እኛስ ማርካችን ሊቀነስ ነው ወይ አሉ። የማንንም አልቀንስም፣ ይልቁንስ ተነሡና ደብተራችሁን ትታችሁ ተከተሉኝ አልኳቸው።

ትምህርት ቤታችን የከተማው ጫፍ ላይ ነው። ከአጥሩ ወዲያ የገብስ ማሳ አለ፤ የጥቅምት መጨረሻ ስለነበር ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ነፋሱም ከጭላሎ ተራራ በኩል እየወረደ ያስተኛዋል፣ መልሶ ያነሣዋል። ልጆቹን በአጥሩ ሥር ደረደርኳቸውና መጀመሪያ የሚያዩትን ብቻ፣ ምንም ሳይጨምሩ፣ እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። ገብሱ ይወዛወዛል አሉ። ጎንበስ ቀና ይላል አሉ።

«አሁን ደግሞ እናንተ ምን እንደሚመስላችሁ ንገሩኝ» አልኳቸው።

እኅቷ ልትዳር ሽር ጉድ ላይ ያለች አንዲት ልጅ ገብሱ እስክስታ ይወርዳል አለች። ሌላው ይሰግዳል አለ። ጠዋት አርፍዶ መጥቶ ርእሰ መምህሩ ቢሮ የቆመ ልጅ ነበር፤ እሱ ገብሱ ይሸሻል አለ፣ ሊያመልጥ ይፈልጋል ግን እግሩ ታስሯል። ልጆቹ ሳቁበት። እኔ አልሳቅኩም፤ የምፈልገው ይኸው ነበር።

ገብሱ ለሦስታችሁ የተለያየ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አይ፣ አንድ ነው አሉ። ነፋሱስ? እሱም አንድ ነው።

«ታዲያ የተለያየው ምንድን ነው?»

ፈረሱን የዘለለችው ልጅ ፊቷን ከማሳው ሳታዞር መለሰች።

«የሚያየው ሰው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርጉሙን በቃል ማስወጣት ተውኩ። በምትኩ ሁለት ጥያቄ ሰጠኋቸው። አንደኛው «ያለው ነው ወይስ ያዋስነው?» የሚል ነው። ውሻ መሮጥ የራሱ ነው፣ ከማንም አልተዋሰም። ገብስ እስክስታ የለውም፤ ከእኛ ነው የተዋሰው። ሁለተኛው ደግሞ «ያዋሰው ሰው ምን ሆኖ ነው?» የሚል። የመጀመሪያው ሰውኛን ለመለየት ነው፣ ሁለተኛው ለመረዳት። ብዙ መምህራን በመጀመሪያው ላይ እንቆማለን፤ እኔም ስንት ዓመት እዚያው ቆሜ ነበር።

ልጆች ቁልፍ ከሰጠሃቸው ያልጠበቅከውን በር ሁሉ ይሞክራሉ። አንዱ «ዝናብ መጣ» ሰውኛ ነው ወይ አለኝ፤ ዝናብ እግር የለውም። ሌላዋ «እንቅልፍ ወሰደኝ»ስ አለች፤ እንቅልፍ እጅ አለው? የትስ ነው የሚወስደን? ነገ እነግራችኋለሁ፣ እናንተም እስከዚያ ከቤታችሁ እንዲህ ያለ አባባል ለቅማችሁ ኑ አልኳቸው። በማግስቱ ይዘውት የመጡት ክፍሉን ሞላው። ረኀብ ገደለኝ፣ ቀኑ ጨከነብን፣ ግድግዳ ጆሮ አለው። በኦሮምኛም አመጡ፤ ፀሐይ ወጣች እንደምንለው «አዱን ባቴ» ይባላል፣ እሷም እንደ ሰው ከቤቷ ነው የምትወጣው አሉ። እኔም ያሰብኩትን ነገርኳቸው። እነዚህ ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ሰው ያዋሳቸው ናቸው፤ ሁሉም ሲጠቀምባቸው ኖሮ ማን እንዳዋሳቸው ተረሳ። አሁን ስንናገራቸው ምስሉ አይታየንም። ደራሲ ግን ሲፈልግ አቧራቸውን አራግፎ እንደገና ሊያሳየን ይችላል። ይህን እየተናገርኩ ሳለሁ ራሴም ገና መማሬ እንደሆነ ታወቀኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር የዋልኩት።

ታኅሣሥ ላይ ሱፐርቫይዘሩ ክፍሌን ሊገመግሙ መጡ። ጠንቃቃ፣ ቅጹን በማስመሪያ የሚሞሉ ሰው ናቸው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አስፈላጊ ሲሆን ይጽፋሉ። ወደ መጨረሻው ተነሥተው የሰውኛን ትርጉም ማን እንደሚነግራቸው ጠየቁ። በቃል ማስወጣት ከተውኩ ወዲህ የድሮውን ረስተውታል፤ አንድም እጅ አልወጣም። እኔም ልጆቹን አልረዳኋቸውም። ሱፐርቫይዘሩ ወደ ቅጻቸው ሲያጎነብሱ ያየሁ ጊዜ ምን እንደሚጽፉ ገብቶኛል። ቀና ብለው ደግሞ ከመጽሐፉ ውስጥ ያልሆነ ምሳሌ የሚሰጥ አለ ወይ አሉ። ብዙ እጅ ወጣ። መስኮቱ አጠገብ ያለችውን ጠሯት።

«ወደ ላይ ሰፈር የሚወስደው ዳገት አባቴን ያውቀዋል። ሲያየው ይረዝማል» አለች።

ያንን ዳገት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሱፐርቫይዘሩ ቅጻቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

«ዳገት ሰው ያውቃል እንዴ?»

«አያውቅም። አይረዝምምም። አባቴ ስለሚደክመው ነው።»

«ታዲያ አባቴ ይደክመዋል ለምን አላልሽም?»

«ደከመው ሲባል አይወድም» አለች። «ዳገቱ ረዘመ ከተባለ ግን ይስቃል።»

ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሰው ለምን በዘይቤ እንደሚናገር ከዚህ አጥርቶ የነገረኝ የለም። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ያልነበረ ጽሑፍ ማጥፋት ጀመርኩ።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሱፐርቫይዘሩ አልሄዱም። ልጆቹ ትርጉሙን አለመመለሳቸውን መመዝገባቸውን በግልጽ ነገሩኝ፤ ጥያቄው በፈተና ይመጣል፣ መልሱን ሊያውቁት ይገባል አሉ። ትክክል ናቸው፣ ተቀበልኳቸው። በሚቀጥለው ቀን ልጆቹ ትርጉሙን ራሳቸው በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ አደረግኩ፤ ከመጽሐፉ የሚሻል የጻፉ ነበሩ። ሱፐርቫይዘሩ ሌላም ነገር ጠይቀውኝ ነበር የሄዱት፤ ይህንኑ ለሌሎች መምህራን አሳዪ ብለው።

በሴሚስተሩ እረፍት አሳየኋቸው። ከሮቤም ከአርቦዬም የመጡ ነበሩበት። አዳራሽ ውስጥ አላስቀመጥኳቸውም፤ ያው አጥር ሥር ወስጄ አሰለፍኳቸው። ገብሱ ታጭዶ ነበር፣ ቃርሚያው ብቻ ነው የቀረው። ምን ይመስላችኋል ብዬ ጠየቅኳቸው። አንደኛው መምህር፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው ሰው፣ «ማሳው ሥራውን ጨርሶ አረፈ» አሉ። አጠገባቸው የቆመችው፣ በዚያው ዓመት ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት መምህርት፣ «ሁሉም ትቶት ሄደ» አለች። እርስ በርስ ተያዩ። ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅ እንኳን አላስፈለገኝም፤ እሳቸው ወጣቷን የት ነው ያረፍሽው፣ ሰው አለሽ ወይ እያሉ ይጠይቋት ጀመር።

ያቺ ተማሪዬ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች። አማርኛዋ ከብዙዎቹ ይበልጣል፣ ቢሆንም የተፈጥሮ ሳይንስ ነው የመረጠችው። ቅር ብሎሽ ይሆን ብላ መንገድ ላይ ጠየቀችኝ። ምንም ቅር አላለኝም። ማየት የሚችል ሰው የትም ቢገባ ያያል፤ እንደዚያው ነገርኳት።

እኔ አሁንም ሰባተኛ ክፍል ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ትንሽ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ የእናቱ ስልክ አንድ ነገር ሲጠይቁት «ይቅርታ፣ አልገባኝም» ብሎ ይመልሳል፣ ይኼ ያለው ነው ወይስ ያዋስነው አለኝ። ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ስልኩ በራሱ አፍ ነው የተናገረው አለ፤ ግማሹ ይቅርታ መጠየቅ የሰው ነው፣ ያዋሰው የሠራው ሰው ነው አለ። እኔ የማምነውን ነገርኳቸው፤ ይቅርታው ከሰው የተዋሰ ነው፣ ያዋሰውም ሰው ስልኩን እንድንወደው ፈልጎ ነው አልኳቸው። ግማሾቹ አልተቀበሉኝም። ማስረጃችሁን አምጡና አሳምኑኝ ብዬ ጠመኔውን ሰጠኋቸው፤ ደወሉ ሲደወል ሰሌዳው ላይ ባዶ ቦታ አልነበረም።