ያልተቆረጠው ማኅሌት

ባለፈው ሳምንት መምህራችን በፕሮጀክተር የአንድ ሰው ቪዲዮ ከፍተው የፋይሉን መጠን ደጋግመው ሲያሳንሱት የሰውየው ፊት ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘን ተበታተነ፤ ጓደኞቼ ሲስቁ እኔ በሐሳቤ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ የጋለ ፕላስቲክ በሚሸት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ የአባባን ጋቢ ጨብጬ ቆሜ ነበር።

አባባ የአቋቋም መምህር ነበሩ። አንድ ክብረ በዓል ላይ ከባሕር ዳር የመጣ ዘመዳችን ማኅሌቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በካሜራ ቀረጸና በፍላሹ አዋሰን። ቤታችን ቴሌቪዥን ስላልነበረ፣ ያለችን የአባባ ትንሽ ባለቁልፍ ስልክ ብቻ ስለነበረች፣ ሚሞሪ የሚጭነው ወጣት ዘንድ ሄድን፤ እሱም አባባን ሲያይ የሚጮኸውን ዘፈን ተሽቀዳድሞ ዘጋው።

«የኔታ፣ ስልክዎ ይህን አትከፍትም፤ ስልክዎ ወደሚያነበው፣ ወደ ስሪጂፒ ፎርማት መቀየር አለበት። ሚሞሪዋም አትበቃም። ጥሩ ጥሩውን ቆርጬ ልጫንልዎ?»

«ማኅሌት ደግሞ ጥሩ ጥሩው የቱ ነው? ዚቁን ጥለህ ወረቡን ልታስቀርልኝ ነው?»

«እንግዲያስ በጣም ላሳንሰው ነው። ምስሉም ድምፁም ይጎዳል።»

«አሳንሰው። ከቃሉ ግን አንዲት እንዳትጎድል!»

አንዲት ሐረግ የዘለለ ተማሪ ከመነሻው እንዲጀምር ለሚያደርጉት ለአባባ፣ ሙሉ ማለት ያልተቆረጠ ማለት ነበር፤ ቪዲዮውን የሚያሳንሰው ኮዴክ ቃሉን ሳይነካ ድምፁን ከውስጥ እየሸረፈ እንደሚጥል ግን ከየት ያውቃሉ?

ማታ ተማሪዎቻቸው ስልኳ ላይ ተደፍተው «የኔታ፣ ጥምጥምዎና ራስዎ ተዋሕደዋል!» ብለው ሲያሾፉ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ሐረጉን ሲያሳርፉ ከደረታቸው የሚወጣው፣ ገላን የሚያስነዝረው ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ስልኳ ላይ በባዶ ጣሳ ውስጥ እንደሚንሿሿ ጠጠር ሆኖ ነበር፤ ማናችንም አላዘንንም፣ ባለቤቱ አጠገባችን ተቀምጠዋላ።

አባባ ካረፉ በኋላ እማዬ ለዘመዳችን ደወለችለት፤ ፍላሹም ካሜራውም ላይ የነበረው ጠፍቶ በሌላ ነገር ተተክቷል። የቀረን የስልኩ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ያ ክፍል ሲበተን መምህሩን ተከትዬ የአባባን ቅጂ መልሶ ማጥራት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አንዴ የተጣለው ተመልሶ አይመጣም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሚያጠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን እየገመቱ ነው የሚሞሉት። የሚወጣው ድምፅ የአባትሽ አይሆንም።»

ለእማዬ ደውዬ ስነግራት፣ «ተይው በቃ፣ ልጄ። እኔስ ድምፃቸው እንዲህ ነበር እያልኩ ለምጄዋለሁ» አለችኝ።

ከማኅሌቱ አንዲት ቃል አልጎደለችም። አባባ ከደጅ ሆነው ስሜን ሲጠሩኝ ግን ማንም ቀርጾት አያውቅም፤ አሁን በሐሳቤ ሲጠሩኝ እንኳ፣ የሚጠሩኝ በዚያች ስልክ ድምፅ ነው።